አል-ኻዚኒ፦ ሚዛንን አማና ያደረገ ሊቅ

በዚህ እትማችን የምናስታውሰው ዐብዱረሕማን አል-ኻዚኒን ነው። የኖረው በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ዛሬ ቱርክሜኒስታን በሚባለው አገር በምትገኘው በመርው ከተማ ነበር። ዘሩ ከቢዛንታይን ሲሆን የአንድ የግምጃ ቤት ሹም ባሪያ ነበር። ሹሙ ግን ሒሳብና ፍልስፍና አስተማረው። ኻዚን ማለት የግምጃ ቤት ጠባቂ ነውና ስሙም ከጌታው የመጣ ነው።

የሱልጧን ሰንጀር የሥነ ፈለክ ሊቅ ቢሆንም ኑሮው የዛሂድ ነበር። በዓመት 3 ዲናር ይበቃው እንደነበር፣ የተላከለትን 1,000 ዲናር እንደመለሰ፣ በቤቱም ከድመት በቀር ማንም እንዳልነበረው ዞሂሩዲን አል-በይሀቂ ጽፎለታል።

ከእሱ በፊት አል-አስፊዛሪ የወርቅን መደባለቅ የሚያጋልጥ ሚዛን ሠርቶ ነበር። የሱልጧኑ ግምጃ ቤት ኃላፊ ማጭበርበሩ እንዳይወጣበት ሰበረው፤ ሊቁም በሐዘን ሞተ ይባላል። አል-ኻዚኒ ሚዛኑን መልሶ ሠራ፤ በ515 ዓመተ ሂጅራም «ኪታብ ሚዛን አል-ሒክማ» የተባለውን መጽሐፉን ጻፈ። ሚዛኑ ዕቃውን በአየርም በውኃም ውስጥ ይመዝናል። ንጹሕ ወርቅ ውኃ ውስጥ ሲገባ ብር ከተቀላቀለበት ያነሰ ስለሚቀልል ድብልቁ ይታወቃል።

የአንድ ነገር ክብደት ከምድር እምብርት ባለው ርቀት እንደሚለያይም ጻፈ። ሲርቅ ይጨምራል ብሎ ነበር፤ ከኒውተን ወዲህ እንደሚቀንስ ታወቀ። ክብደት እንደ ቦታው ይለያያል የሚለው ሐሳብ ግን እኛ የኃይል መለኪያዎችን ስንቀይር ዛሬም ያስፈልገናል። ኪሎግራም የመጠነ ቁስ፣ ኒውተን የኃይል መለኪያ ነው። 1 ኪሎግራም ፎርስ 9.80665 ኒውተን፣ 1 ኒውተን ደግሞ 100,000 ዳይን ነው። ስለዚህ ከቢቸና የተጫነ አንድ ኩንታል ጤፍ በመደበኛው ስሌት 980.665 ኒውተን ይመዝናል፤ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ባላትና ለምድር ወገብ በቀረበችው ሞጣ ግን 978 ገደማ ይሆናል። ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ይህን አያሳይም፤ ጤፉም የሚዛኑ ድንጋይም እኩል ይቀልላሉና። ባለ ስፕሪንጉ ግን ያሳያል።

ሱረቱል ሙጦፊፊን የምታስጠነቅቀው የሞጣን ገበያ ነጋዴ ብቻ አይደለም። ኪሎን ኒውተን ነው ብሎ ድልድይ የሚያሰላ መሐንዲስም የሸክሙን ዐሥር እጅ ወደ አንድ ያወርደዋል፤ ጉድለቱን የሚከፍለው ግን በድልድዩ ላይ የሚያልፈው ሰው ነው። አላህ ለአል-ኻዚኒ ይዘንለት፤ እኛንም ሚዛንን ከሚሞሉት ያድርገን። አሚን።