መምህራንን በክፍል ውስጥ ያሠለጠነው መጋቢ - አውግስት ኸርማን ፍራንኬ

ስለ ጆርጅ ሙለርና በእምነት ስላሳደጋቸው ወላጅ አልባ ሕፃናት ያልሰማ አማኝ ጥቂት ነው። ሙለር በተማሪነቱ ጊዜ በጀርመን አገር በሃሌ ከተማ ለጥቂት ጊዜ ያረፈው ግን ሌላ የእግዚአብሔር ሰው ከመቶ ዓመት በፊት ባሠራው የወላጅ አልባ ሕፃናት ቤት ውስጥ ነበር። ይህ ሰው አውግስት ኸርማን ፍራንኬ ይባላል። ዛሬ የምናነሣው ከሥራዎቹ ሁሉ ብዙም የማይነገርለትን ነው፤ እርሱም መምህራንን ያፈራበት መንገድ ነው።

ፍራንኬ እ.ኤ.አ. በ1663 በሉቤክ ከተማ ተወለደ። አባቱ የሞቱት እርሱ ገና ልጅ ሳለ ነው። በትምህርቱ ጎበዝ ስለነበር በ1685 በላይፕሲግ ተመረቀ። በ1687 በዮሐንስ 20፥31 ላይ እንዲሰብክ ተጠየቀ። ስብከቱን ሲያዘጋጅ ለሰው ሊሰብከው ያሰበው እምነት በራሱ ልብ እንደሌለ ተረዳ። በጭንቀት ተንበርክኮ ጸለየ፤ ጌታም ጥርጣሬውን አነሣለት። ከዚህ በኋላ በሃምቡርግ በአንድ የግል ትምህርት ቤት አስተማረ። የሌሎች አሠልጣኝ ከመሆኑ በፊት እርሱ ራሱ በልጆች ፊት ቆሞ ነበር።

በ1691 በትምህርቱ ምክንያት ከኤርፉርት ከተማ ተባረረ። በ1692 በሃሌ አጠገብ ባለችው በግላውኻ መጋቢ፣ በአዲሱ የሃሌ ዩኒቨርሲቲም መምህር ሆነ። ግላውኻ ድህነትና ስካር የበዛባት ስፍራ ነበረች። በ1695 በቤቱ ካስቀመጠው የምጽዋት ሣጥን አራት ታለርና አሥራ ስድስት ግሮሽን አገኘ። በዚያ ገንዘብ መጻሕፍት ገዛ፤ የድሃ ልጆችን በቀን ሁለት ሰዓት የሚያስተምር አንድ ችግረኛ ተማሪም ቀጠረ።

ልጆቹ በፍጥነት በዙ። ታዲያ መምህራን ከየት ይምጡ? በዚያን ዘመን ብዙ አስተማሪዎች ምንም ሥልጠና አልነበራቸውም። በሌላ በኩል በዩኒቨርሲቲው የሚበሉት ያጡ የሥነ መለኮት ተማሪዎች ነበሩ። ፍራንኬ ሁለቱን ችግሮች አገናኛቸው። ከ1696 ጀምሮ ተማሪዎቹ በነፃ እንዲመገቡ አደረገ፤ እነርሱም በምላሹ በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት በትምህርት ቤቶቹ ያስተምሩ ነበር።

ዳሩ ግን ያልበሰለ ወጣት ክፍል ሲሰጠው ስሕተቱን የሚሸከሙት ልጆቹ ናቸው። ስለዚህ ፍራንኬ ወጣቶቹን ብቻቸውን አልተዋቸውም። ተቆጣጣሪዎች ሾመ። እነርሱ ወደ ክፍሎቹ እየገቡ ትምህርቱን ይከታተሉ፣ በየሳምንቱም ከመምህራኑ ጋር ተሰብስበው ስለ ሥራው ይመካከሩ ነበር።

ሌላም ችግር ነበር። ተማሪ ትምህርቱን ሲጨርስ ይሄዳል፤ ልጆቹም ገና የለመዱትን መምህር ያጣሉ። በ1707 ፍራንኬ የተመረጡ ወጣቶችን ለይቶ ልዩ ማሠልጠኛ ከፈተላቸው። ሁለት ዓመት ይሠለጥናሉ፣ ከዚያም ሦስት ዓመት በትምህርት ቤቶቹ ለማስተማር ቃል ይገባሉ።

ፍራንኬ ድካም አልነበረበትም ማለት አይደለም። ሥርዓቱ እጅግ ጥብቅ ነበር፤ ለልጆች ጨዋታ ቦታ አልሰጠም፤ ተማሪዎቹም ዘወትር በጠባቂ ዓይን ሥር ነበሩ። በዚህ ብንከተለው ልጆቻችንን እንጎዳለን።

ፍሬው ግን ብዙ ነበር። ሰኔ 8 ቀን 1727 ወደ ጌታ ሲሄድ በትምህርት ቤቶቹ ከ2,000 በላይ ልጆች ይማሩ ነበር። የሞራቪያውያን መሪ የነበረው ሲንሰንዶርፍ ልጅ ሳለ የተማረው በዚያ ነው። በሃሌ ያስተማረው ዮሐን ዩሊዩስ ሄከር ደግሞ በ1748 በበርሊን የመምህራን ማሠልጠኛ ከፈተ። በብዙ አገሮች ዛሬ መምህር ለመሆን የሚሠለጥን ሰው ትምህርት ቤት ተመድቦ ልምድ ባላቸው መምህራን ሥር ያስተምራል። ፍራንኬ ከዚህ መንገድ ቀዳሚ ጠራጊዎች አንዱ ነው።

ወገኖች ሆይ፣ በአጥቢያዎቻችን የሕፃናት አገልግሎት ሰው ሲጎድል ፈቃደኛ ለሆነ ወጣት መጽሐፍ ሰጥተን ወደ ክፍል እንልከዋለን። ከዚያ በኋላ ማን ይጎበኘዋል? በሳምንቱ መጨረሻ አብሮት ተቀምጦ የሚመካከረው ማነው? ቅንዓት ብቻውን መምህር አያደርግም። ወጣቱ አጠገቡ የሚቆም ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ያስፈልገዋል። ልጆቹም ከጌታ የተቀበልናቸው አደራ ናቸውና መለማመጃ ብቻ ሆነው እንዳይቀሩ እንትጋ።

ጌታ ይባርካችሁ።