ጉልበትን በቀዳዳ ያዩት ሐኪም

እኛ ሰፈር ኳስ ተጫዋች ጉልበቱ ከዞረበት አለቀለት ይባላል። አንድ የልጅነት ጓደኛዬ በ18 ዓመቱ ጉልበቱ ዞሮበት ኳስ ካቆመ ይኸው ሦስት ዓመት ሆነው። ወጌሻ ቢያሸውም አሁንም ሲነሳ ይቆለፍበታል። ስለ ጃፓናዊው ዶክተር ማሳኪ ዋታናቤ ማንበብ የጀመርኩት በሱ ምክንያት ነው።

ጉልበታችን ውስጥ፣ በጭንና በቅልጥም አጥንት መሀል፣ ሜኒስከስ የሚባሉ ሁለት ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ ልም አጥንቶች አሉ። ክብደት ይሸከማሉ፣ አጥንት ከአጥንት እንዳይፋጭም ይከላከላሉ። እግር መሬት እንደተተከለ ሰውነት ሲዞር ሊቀደዱ ይችላሉ። ድሮ ሐኪሞች ጉልበቱን በሰፊው ከፍተው ብዙውን ጊዜ ሙሉውን ያወጡት ነበር። ልጁ ለጊዜው ይሻለዋል፤ ከዓመታት በኋላ ግን መገጣጠሚያው ያለ ዕድሜው ሊያረጅ ይችላል።

ዋታናቤ የተወለዱት በ1911 ሲሆን (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ1937 ከቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። መምህራቸው ፕሮፌሰር ኬንጂ ታካጊ በ1918 የሽንት ፊኛ መመልከቻ መሣሪያ አስከሬን ጉልበት ውስጥ አስገብተው ያዩ ሰው ናቸው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሥራውን አቋረጠው። ከጦርነቱ በኋላ ዋታናቤ ቀጠሉበት። መሣሪያውን ይሠራሉ፣ አልሆነም ይላሉ፣ እንደገና ይሠራሉ። በደንብ ያገለገላቸው ቁጥር 21 የተባለው ነው። እሱም ቢሆን እንከን አላጣም፤ ጫፉ ላይ ያለችው አምፑል አንዳንዴ እዛው ጉልበት ውስጥ ትሰበር ነበር!

ሜይ 4 ቀን 1962 ጉልበቱ የተጠመዘዘበትን አንድ የ17 ዓመት የቅርጫት ኳስ ተጫዋች በዚህ ዘዴ አከሙ። በመሣሪያው እያዩ የተቀደደችውን ቁራጭ ብቻ በትንሽ ቀዳዳ አወጡ፤ ጤነኛውን አልነኩም። ልጁ በስድስት ሳምንት ወደ ጨዋታው ተመለሰ።

ዋታናቤ ሙያቸውን አልደበቁም። በ1964 ሮበርት ጃክሰን የተባሉ ካናዳዊ ሐኪም ቶኪዮ ሄደው ከሳቸው ተማሩ፤ በምላሹም እንግሊዝኛ ያስተምሯቸው ነበር። ጃክሰን አገራቸው ተመልሰው ዘዴውን በሰሜን አሜሪካ አስፋፉ። በ1974 ዓለም አቀፉ የአርትሮስኮፒ ማኅበር ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዋታናቤ ሆኑ። በ1995 አረፉ።

ዛሬ ሐኪሞች አንድ እርምጃ አልፈው ሄደዋል። በተለይ የወጣት ጉልበት ሲሆንና ቅዳዱ ሲመች፣ ቆርጦ ከማውጣት መስፋትን ይመርጣሉ።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ ስነግረው መጀመሪያ ሳቀብኝ። ቆይቶ ግን የአጥንት ሐኪም ጋ አብረን እንድንሄድ ተስማማ። ይሰፋ፣ ይቆረጥ፣ ወይስ እንዲሁ ይተው የሚለውን እኔም እሱም አናውቅም። መጀመሪያ ይታይ ብለናል።