ንግሥት መስቀል ክብራና የድሃው ላም

የንጉሥ ላሊበላን ስም ያልሰማ ኢትዮጵያዊ አለ ለማለት ያስቸግራል። የባለቤታቸው የንግሥት መስቀል ክብራ ስም ግን ከላስታ ውጭ እምብዛም አይነሣም፤ ቢነሣም ከንጉሡ ስም ቀጥሎ ለማሟያ ያህል ነው። ይህም ያሳዝናል። የእኒህ ሴት ትውፊት፣ ከአብዛኛው የነገሥታት ታሪክ ይልቅ፣ ዛሬ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ለምንለው የድርሰት ዓይነት ይቀርባልና፤ በመጠኑም ፈገግ ያሰኛል።

በዚህ የድርሰት ዓይነት ስመ ጥር የሆኑት እንግሊዛዊቷ ደራሲ አጋታ ክሪስቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1930 ዓ.ም. ባሳተሙት ልብ ወለድ ውስጥ ሚስ ማርፕል የተባሉ አሮጊት ይገኛሉ። ሥልጣን የላቸውም፤ ደመወዝም አይከፈላቸውም። የመንደራቸውን ወሬ እየሰሙ፣ ፖሊስ ንቆ ያለፈውን ጥቃቅን ነገር ይዘው ወንጀለኛውን ያጋልጣሉ። ላስታ እንዲህ ያለችውን ሴት ያወቀው ከዚያ በፊት 700 ዓመታት ቀደም ብሎ ነው፤ ልዩነቱ የላስታዋ ዘውድ የደፉ መሆናቸው ብቻ ነው።

መስቀል ክብራ የኖሩት የዛጉዌ ነገሥታት በአደፋ ተቀምጠው በሚገዙበት ዘመን፣ በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ላይ ነው። እንደ ትውፊቱ ንጉሥ ላሊበላ በሕይወት ሳሉ ዙፋናቸውን ለወንድማቸው ለሐርቤ ልጅ ለነአኵቶ ለአብ እንዲለቁ ያግባቧቸው እኒሁ ንግሥት ናቸው። ንጉሡም እሺ ብለው ለቀቁ። 18 ወራት አለፉ። በዚህ ጊዜ የአዲሱ ንጉሥ ወታደሮች ለንጉሡ ገበታ የሚሆን ከብት ሲፈልጉ፣ ከአንድ ድሃ ገበሬ ያለችውን አንዲት ላም ነጥቀው ወሰዱ።

ለቤተ መንግሥት አንዲት ላም ምንም አይደለችም። ለደጋው የላስታ ገበሬ ግን አንዲት ላም ማለት የልጆች ወተት፣ ለእርሻ የሚደርስ ወይፈን፣ ለማገዶ የሚሆን ኩበት ማለት ነው። እርሷ ከተወሰደች ቤቱ ባዶ ነው። ማስረጃው ለገበታ የታሰበ በመሆኑም ነገሩ ብዙ ሊያቆይ የሚችል አልነበረም። ከግብሩ ታዳሚዎች መካከል ሥጋው ከማን በረት እንደ መጣ ለመጠየቅ የሚቸኩል ሰው ይኖራል ብሎ መገመት ያዳግታል፤ የሚበላ ሰው አይመረምርም። ነገሩን ከቁም ነገር የቆጠሩት መስቀል ክብራ ናቸው። የአንዲት ላም መነጠቅ የመንግሥቱን ጠባይ እንደሚያሳይ ተረድተው ወደ ባለቤታቸው ሄዱና፣ ቀድሞ ልቀቁ ያሉትን ዙፋን መልሰው እንዲይዙ አሳመኗቸው። ላሊበላም ተመልሰው ነገሡ ይላል ትውፊቱ።

እዚህ ላይ ጥሩ የምርመራ ልብ ወለድ አንባቢ ፊቱን መቋጠሩ አይቀርም። መርማሪዋ እኮ ተጠርጣሪውን በዙፋን ያስቀመጡት ራሳቸው ናቸው! የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፋቸው ይህን ትውፊት ከመረመሩ በኋላ፣ ዙፋኑ በፈቃድ ተለቆ በፈቃድ መመለሱን ተጠራጥረዋል። በእርሳቸው ግምት ነአኵቶ ለአብ ሥልጣኑን ለአጭር ጊዜ በኃይል ይዘው ነበር፤ ያበቃላቸውም በላሊበላ ልጅ በይትባረክ ነው። ይህ ከሆነ የላሚቱ ታሪክ የወራሾችን ጠብ ሸፍኗል ማለት ነው፤ ንግሥቲቱም ከመርማሪነት ወደ ባለጉዳይነት ይዛወራሉ። ግምቱ ጠንካራ ነው። ሆኖም ሸፋኙ ለመሸፈኛ የመረጠው ነገር ራሱ ይናገራል። ላስታ አንድ ንጉሥ ከዙፋኑ የወረደበትን ምክንያት ለልጆቹ ሲነግር ጦርነት ወይም ትንቢት አልጠራም፤ የድሃ ላም ጠራ።

ንግሥቲቱ ለሥልጣን ባዕድ እንዳልነበሩ የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ታሪክም ይመሰክራል። ከእስክንድርያ የተላኩት ጳጳስ አቡነ ሚካኤል የንግሥቲቱን ወንድም ኂሩንን በእርሳቸው ግፊት ኤጲስ ቆጶስ አድርገው ሾሙ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ሥልጣኔን ቀማኝ ብለው ወደ ግብፅ ተመልሰው ከሰሱ። ፓትርያርኩ መርማሪ ወደ ኢትዮጵያ ላኩ፤ ውጤቱ በከሳሹ ላይ ሆነና በምትካቸው አቡነ ይስሐቅ ተሾሙ።

የመሐንዲስን ዓይን ይበልጥ የሚስበው ግን በስማቸው የሚጠራው ሥራ ነው። ቤተ አባ ሊባኖስን መስቀል ክብራ ለባለቤታቸው መታሰቢያ እንዳሠሩት ይነገራል፤ በመላእክት ረዳትነት በአንድ ሌሊት ተፈጸመ የሚልም አለ። ሌሊቱን ለመላእክት እንተወው። ሕንፃው በአራቱም ጎን በመተላለፊያ ከተራራው ተለይቷል፤ ጣሪያው ብቻ ከላይኛው ዓለት ጋር እንደ ተያያዘ ቀርቷል። ይህ ማለት ጠራቢዎቹ እንደ ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ወደ ታች እየቆፈሩ ሳይሆን፣ የተራራው ክብደት ከራሳቸው በላይ ሳለ በጠባብ ቦታ ወደ ውስጥ ገብተው ነው የሠሩት። ድንጋይ በድንጋይ ላይ የሚያኖር ግንበኛ የተሳሳተውን አፍርሶ ይደግማል፤ ዓለት የሚጠርብ ግን አንዴ የቆረጠውን አይመልስም። የትኛው ግድግዳ ምን ያህል ውፍረት ይዞ መቅረት እንዳለበት የመጀመሪያው መዶሻ ከማረፉ በፊት መታወቅ ነበረበት። የተጠረበው ፍርስራሽም በዚያው ጠባብ መተላለፊያ መውጣት ነበረበት።

ቤተ ክርስቲያን መስቀል ክብራን ከቅዱሳን ቆጥራቸዋለች፤ ገድልም ተጽፎላቸዋል። የሚገርመው በላሚቱ ጉዳይ ተረቱ የተባሉት ነአኵቶ ለአብም ቅዱስ መባላቸው ነው። በስማቸው የሚጠራው ገዳም ከላሊበላ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ በዋሻ ውስጥ ይገኛል። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውኃ ከሥሩ በተደረደሩ የድንጋይ ገበቴዎች ይጠራቀማል፤ ምእመናንም ለጠበል ይወስዱታል።