አንድ ዙር በትርፍ የሮጠው ሻምፒዮን

በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ የ3,000 ሜትር መሰናክል ፍፃሜ፣ ለሜቻ ግርማ በመጨረሻው ዙር ወድቆ በቃሬዛ ሲወጣ የብዙዎቻችን ዓይን ከእሱ ላይ አልተነቀለም። ስለ አሸናፊው ማን ልብ ብሎ! ሞሮኳዊው ሱፊያን ኤል ባካሊ ግን በዚያ ምሽት ትልቅ ታሪክ ሠርቷል። በዚህ ርቀት የኦሊምፒክ ወርቁን በቀጣዩም ኦሊምፒክ ያስጠበቀ ሯጭ ለ88 ዓመታት አልተገኘም ነበር። ከእሱ በፊት ይህን ያደረገው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ፊንላንዳዊው ቮልማሪ ኢሶ ሆሎ።

ኢሶ ሆሎ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። በልጅነቱ በበረዶ ሸርተቴ፣ በጂምናስቲክና በቦክስ ተወዳድሯል። ሩጫን የጀመረው ወታደር ቤት ከገባ በኋላ ነው። ዘመኑ ረጅም ርቀት ማለት ፊንላንድ የነበረበት ዘመን ነው። የ1924ቱንም የ1928ቱንም የመሰናክል ወርቅ የወሰዱት የአገሩ ልጆች ናቸው። ታላቁ ፓቮ ኑርሚ ግን በሩጫ ገንዘብ አግኝተሃል ተብሎ ከ1932ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ታገደ። አደራው በእነ ኢሶ ሆሎ ትከሻ ላይ ወደቀ።

እዚያም በ10,000 ሜትር በፖላንዱ ያኑሽ ኩሶቺንስኪ ተቀድሞ ብር አገኘ። በመሰናክሉ ማጣሪያ 9:14.6 ገብቶ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረ። በፍፃሜው ደግሞ ሌሎቹን ጥሎ መጣ። ሦስት ሺው ሜትር ሲያልቅ ግን ውድድሩ አላለቀም፤ ዙር የሚቆጥረው ዳኛ ተሳስቶ ነበር። ሯጮቹ አንድ ዙር ጨመሩ። ኢሶ ሆሎ 3,460 ሜትር ያህል ሮጦ በ10:33.4 ገባ። ወርቁ አልቀረበትም፤ ክብረ ወሰኑ ግን በትርፉ ዙር ተበላ። የባሰበት አሜሪካዊው ጆ ማክላስኪ ነው። በትክክለኛው ርቀት ሁለተኛ ነበር፤ በትርፉ ዙር እንግሊዛዊው ቶማስ ኤቨንሰን ቀደመውና ወደ ነሐስ ወረደ።

እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ኢሶ ሆሎ አራት ዓመት ቆይቶ በርሊን ላይ መጣ። በ10,000 ሜትር ሁለት የአገሩን ልጆች ተከትሎ ነሐስ ወሰደ። በመሰናክሉ 9:03.8 ገብቶ ወርቁን ደገመ። እስከዚያ ቀን ማንም እንዲህ ፈጥኖ አልሮጠም። ሆኖም ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የመሰናክልን የዓለም ክብረ ወሰን መመዝገብ የጀመረው በ1954 ነውና ይህም ሰዓት በይፋ አልተያዘለትም። ያም ሆኖ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰንነት 16 ዓመት ቆይቶ የተሰበረው እዚያው አገሩ፣ በ1952ቱ የሄልሲንኪ ኦሊምፒክ ነው።

ከበርሊን በኋላ የመገጣጠሚያ ሕመም ያዘው። እሱ ግን እስከ 1945 መወዳደሩን አልተወም። ያረፈው በ1969 ነው።

ዛሬ ለሜቻ የዓለም ክብረ ወሰኑን ይዟል፤ 7:52.11 ነው፤ የኦሊምፒክ ወርቅ ግን ገና የለውም። ኢሶ ሆሎ ሁለት ወርቅ ነበረው፤ በስሙ የተመዘገበ የዓለም ክብረ ወሰን ግን አልነበረውም። ልጃችንን በወርቅ ብቻ የምንመዝን ሰዎች ይህን ብናስታውስ ደግ ነው። ሯጭ መሮጡን እንጂ የዳኛውን ቆጠራ፣ የፌዴሬሽኑን መዝገብ አያዝዝበትም። ኢሶ ሆሎ በዳኛ ስህተት ያጣውን ሰዓት፣ ከአራት ዓመት በኋላ ተመልሶ በእግሩ አምጥቶታል።