ልጃቸውን በመምህራን መሀል ያሳደጉት ራስ መኮንን

ሐረር ፈረስ መጋላ ላይ ቆሞ የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያንን የሚያይ ሰው ራስ መኮንን ወልደሚካኤልን ማስታወሱ አይቀርም። ስለ ጦር መሪነታቸው፣ ስለ ገዥነታቸውና ስለ ዲፕሎማትነታቸው ብዙ ተነግሯል። አባትነታቸው ግን እምብዛም አይነሣም።

ራስ መኮንን ግንቦት 1 ቀን 1844 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው ወይዘሮ ተናኘወርቅ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው የአጎታቸው ልጅ ምኒልክ ቤት ገብተው አደጉ። ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በ1879 ዓ.ም. የሐረር ገዥ ሆኑ።

በ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል እንደተፈረመ ወደ ጣሊያን የተላከውን የመልእክተኞች ቡድን መሩ። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ፈቃድ፣ በጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ አገሪቱን ወደ ጦርነት ወሰዳት፤ እርሳቸውም በአምባላጌ፣ በመቀሌና በአድዋ ተዋጉ። የባዕድ ቋንቋ አለማወቅ ምን እንደሚያስከፍል ከእርሳቸው የበለጠ የሚገባው ሰው ጥቂት ነበር።

ልጃቸው ተፈሪ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው እናታቸው ወይዘሮ የሺእመቤት ዓሊ አረፉ። አባትም በዘመቻና በመልእክት ብዙ ጊዜ ከቤት ይርቁ ነበር። ሆኖም ልጃቸውን ያለ መምህር አልተዉም። ከአገሩ ካህናት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት፣ ከጓደሎፑ ሐኪም ዶክተር ቪታሊየንና ከአባ ሳሙኤል ደግሞ ፈረንሳይኛ እንዲማሩ አደረጉ። በዚያ ዘመን ብዙዎች የባዕድ ትምህርትን በጥርጣሬ ያዩት ነበር።

ቤታቸው ለሥጋ ልጃቸው ብቻ አልነበረም። እምሩ ኃይለ ሥላሴ ከተፈሪ ጋር አብረው አደጉ፣ አብረው ተማሩ። እዚያው ያደጉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከአድዋ በኋላ ሩሲያ ሄደው ተማሩ፤ በኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ።

ተፈሪ በ13 ዓመታቸው ደጃዝማች ተብለው ጋራ ሙለታን ተሾሙ። ብዙም ሳይቆይ፣ መጋቢት 13 ቀን 1898 ዓ.ም.፣ ራስ መኮንን ቁልቢ ላይ አረፉ። የተቀበሩት ሐረር ቅዱስ ሚካኤል ነው።

ከዚያ ቤት የወጡት ሁለቱ ልጆች በኋላ አንድ ዓይነት ሐሳብ አልያዙም። ተፈሪ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሥልጣንን በእጃቸው ሰበሰቡ። ራስ እምሩ ደግሞ መሬታቸውን ለገበሬ በማካፈል ይታወቃሉ፤ የ1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ አድራጊዎችም ጠቅላይ ሚኒስትር ብለው ስማቸውን ጠርተዋል። ወላጅ ለልጁ የማሰቢያ ስንቅ ይሰጠዋል። በስንቁ የት እንደሚደርስ ግን የልጁ ጉዳይ ነው።