ብላቴን ጌታ ኅሩይና የመጻሕፍት ዝርዝር

ባለፈው ክረምት ከአሶሳ ከተማ በማትርቀው በጾሬ የሚያስተምር አንድ ወዳጃችንን ልንጠይቅ ሄደን ነበር። ማታ ቡና ከተጠጣ በኋላ አንድ ደብተር አውጥቶ አሳየን። ሊያነባቸው የሚፈልጋቸውን መጻሕፍት በተራ ቍጥር ጽፎበታል፤ ቍጥሩ አርባ ስድስት ደርሷል፤ አንብቦ የሰረዛቸው ግን ዘጠኝ ብቻ ናቸው። አንዱን በሰረዘ ቍጥር ሦስት እንደሚጨምር እያፈረ ነገረን። እኛም ከዚያ የባሰ ደብተር በቤታችን ስላለን ለመምከር ድፍረት አጣን። በምክሩ ፈንታ ስለ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ አጫወትነው፤ ያንኑ ጨዋታ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ በግንቦት ወር 1870 ዓ.ም. በሸዋ፣ በመርሐቤቴ ተወለዱ። ልጅነታቸው በቤተ ክህነት ትምህርት አለፈ፤ ኋላም ወደ እንጦጦ ራጉኤል መጥተው ትምህርታቸውን ቀጠሉ። በዚያ ዘመን የተማሪ ንባብ ተራና ወሰን ነበረው፤ ከፊደል ወደ ዳዊት፣ ከዳዊት ወደ ዜማና ወደ ቅኔ፣ ከዚያም ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ይኬዳል። ምን ላንብብ ብሎ የሚጨነቅ አልነበረም፤ ጭንቁ መጽሐፉን ማግኘት ነው። አንድ ብራና ለመጻፍ የብዙ በግና ፍየል ቆዳ፣ የጸሐፊም የብዙ ወራት ድካም ያስፈልጋልና መጽሐፉ ወዳለበት ደብር በእግር መጓዝ የተማሪ ዕጣ ነበር።

በ1903 ዓ.ም. ከደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ጋር ለንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን ሄዱ። በዚያች ከተማ፣ በብሪቲሽ ሙዚየም፣ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰዱት የግእዝ ብራናዎች ይገኙ ነበር። ዊልያም ራይት የተባለው ሊቅ የእነዚህን ብራናዎች ዝርዝር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1877 አሳትሞት ነበር፤ በዚያው ዓመት ዞተንበርግ በፓሪስ ያሉትን ዘርዝሮ አሳተመ። ከአገር የወጡት መጻሕፍት እንዲህ አንድ በአንድ ተቈጥረው ሳለ በየገዳሙና በየደብሩ የቀሩት ግን ለአገሩ አንባቢ የሚሆን የታተመ ዝርዝር አልነበራቸውም።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ከለንደን በተመለሱ ማግስት፣ በ1904 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግእዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር አዘጋጅተው አሳተሙ። ከጻፏቸው መጻሕፍት ሁሉ ይህ ትንሽ ሥራ ስሙ እምብዛም አይነሣም፤ እኛ ግን ከብዙዎቹ አስበልጠን እናየዋለን። የእኛ ደብተር ያላነበብነውን ብቻ ይቈጥራል፤ ስለዚህ ባየነው ቍጥር ዕዳ ይመስለናል። የእርሳቸው ዝርዝር ግን በአገሩ ያለውን ይቈጥራል፤ መኖሩ ያልታወቀ መጽሐፍ ደግሞ ሊፈለግም ሊነበብም አይችልም።

ዝርዝሩ ግን ዐርፎ አልተቀመጠም። በ1914 ዓ.ም. የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ተቋቋመ፤ የአማርኛ መጻሕፍትም በየዓመቱ ይወጡ ጀመር። ዝርዝሩን ካበዙት ሰዎች አንዱ ራሳቸው ዝርዝሩን የጻፉት ሰው መሆናቸው ያስቃል። ወዳጄ ልቤና የሕይወት ታሪክ በ1915 ዓ.ም. ታተሙ፤ ከዚያም ጎሐ ጽባህ የተባለውን ማተሚያ ቤት አቋቁመው ሌሎችን አከታተሉ። ስለዚህ በ1920 ዓ.ም. የመጻሕፍቱን ዝርዝር እንደገና አሰናድተው ማሳተም ግድ ሆነባቸው። ከመጀመሪያው አሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የተሠራው ሥራ በማጣት አይደለም። በ1911 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ፣ በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ጋር ወደ አውሮፓ፣ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ተልከዋል፤ ከጃፓን ሲመለሱም ስለዚያ አገር መጽሐፍ ጽፈዋል። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነውም የወልወል ግጭት ያስከተለውን ክርክር ተሸክመዋል። የቢሮ ሥራ ለንባብ ጊዜ አሳጣን የምንል ወጣት ሠራተኞች እዚህ ላይ ትንሽ ብንቀላ አይከፋም፤ ይህን የሚጽፈው ብዕርም ጭምር።

በመጨረሻ የያዙት ትልቅ ሥራ ከንግሥተ ሳባ እስከ ዓድዋ ድል ያለውን የኢትዮጵያን ታሪክ የሚናገር መጽሐፍ ነበር። በ1928 ዓ.ም. መጽሐፉ በመታተም ላይ ሳለ የፋሺስት ጦር ገሠገሠ፤ ሥራውም ተቋረጠ። ብላቴን ጌታ ያልተፈጸመውን መጽሐፋቸውን በአዲስ አበባ ትተው ተሰደዱ፤ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በስልሳ ዓመታቸው ዐረፉ። ነፃነት ሲመለስ አላዩም፤ መጽሐፉም ለአንባቢ የደረሰው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ወዳጃችን እስከዚህ ድረስ ዝም ብሎ ሰማን። ከዚያም እርሳሱን ፈልጎ የዚህን ታሪክ መጽሐፍ ስም አርባ ሰባተኛ አድርጎ ጻፈው።