ጆን ስኮት ሆልዴንና የጠላቂዎች ሠንጠረዥ

በካሪቢያን ባሕር፣ ከሜክሲኮ የዩካታን ልሳነ ምድር ፊት ለፊት የምትገኘው የኮዙሜል ደሴት ኑሮዋ የረጋ፣ ውኃዋም የጠራ ነው። በምዕራባዊ ዳርቻዋ እንደ ፓላንካርና እንደ ሳንታ ሮዛ ያሉት የኮራል ግንቦች ከባሕሩ ጥልቅ ቀጥ ብለው ተነሥተዋል። በደሴቲቱና በዋናው ምድር መካከል በአብዛኛው ወደ ሰሜን የሚፈስ የባሕር ጅረት ስላለ፣ በዚያ የሚጠልቅ ሰው በጉልበቱ ብዙ መዋኘት አያስፈልገውም። ጅረቱ በኮራሉ አጠገብ እያንሳፈፈ ይወስደዋል፤ ያወረደችውም ጀልባ ከላይ ተከትላ በሚወጣበት ሥፍራ ትቀበለዋለች። ጉዞው ድካም የሌለበት በመሆኑ ጠላቂው ምን ያህል እንደወረደና ምን ያህል እንደቆየ ለመዘንጋት ቅርብ ነው።

ዳሩ ግን ጠላቂው ቢዘነጋም ሰውነቱ አይዘነጋም። በየ10 ሜትሩ ጥልቀት የአንድ አትሞስፌር ያህል ግፊት ስለሚጨመር፣ በ30 ሜትር ላይ ያለ ሰው የሚተነፍሰው አየር በባሕር ወለል ላይ ካለው አየር አራት እጥፍ የታመቀ ነው። በዚህ አየር ውስጥ የሚገኘው ናይትሮጂን በደምና በሥጋ ውስጥ እየሟሟ ይከማቻል። ጠላቂው በችኮላ ቢወጣ፣ ክዳኑ ድንገት እንደተከፈተ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ፣ የሟሟው ጋዝ አረፋ ይሆናል። አረፋውም መገጣጠሚያን ያሳምማል፤ ኅብለ ሰረሰርን ጎድቶ ሽባ ያደርጋል፤ ሲከፋም ይገድላል። ይህ ዕዳ በየትኛው ጥልቀትና በስንት ደቂቃ እንደሚከፈል በአስተማማኝ ስሌት ያስቀመጡት ብሪታንያዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ጆን ስኮት ሆልዴን ናቸው።

ሆልዴን እ.ኤ.አ. በ1860 በስኮትላንድ፣ በኤዲንበርግ ከተማ ተወለዱ። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጥንተው በ1884 ከተመረቁ በኋላ አብዛኛውን ዘመናቸውን በኦክስፎርድ አሳለፉ። የተማሩት ሕክምና ይሁን እንጂ ሐሳባቸውን የሳበው ሰው ሲሠራ የሚተነፍሰው አየር ነበረ። ስለዚህም የፍሳሽ መውረጃ ቦዮችንና የማዕድን ጉድጓዶችን አየር እየወረዱ መረመሩ።

በ1896 በዌልስ፣ በታይለርስታውን የድንጋይ ከሰል ማዕድን በደረሰው ፍንዳታ 57 ሰዎች ሞቱ። ሆልዴን አስከሬኖቹን መርምረው፣ አብዛኞቹን የገደላቸው የፍንዳታው ኃይል ሳይሆን ከዚያ በኋላ በጉድጓዱ የተሠራጨው ካርቦን ሞኖክሳይድ መሆኑን አረጋገጡ። ለዚህ ያበቃቸው አስቀድመው ያደረጉት ሙከራ ነበረ። ይኸውም ይህንኑ መርዘኛ ጋዝ በላቦራቶሪያቸው ራሳቸው እየተነፈሱ፣ በሰውነታቸው ላይ ያደረሰውን ለውጥ መዝግበው ነበር። ትንንሽ እንስሳት ከሰው ቀድመው በጋዙ እንደሚጠቁ ስለተገነዘቡም ማዕድን ቆፋሪዎች እነዚህን እንስሳት ለማስጠንቀቂያ እንዲይዙ መከሩ። ከዚህ ምክር የተነሣ የመጣችው የካናሪ ወፍ በብሪታንያ ማዕድናት እስከ 1986 አገልግላለች።

የታመቀ አየር ጉዳይ በዚያ ዘመን የጠላቂዎች ብቻ አልነበረም፤ የመሐንዲሶችም ጭምር ነበረ። የድልድይ ምሰሶ መሠረት በወንዝ ሥር ሲጣል ሠራተኞቹ ውኃው እንዳይገባ የታመቀ አየር በተሞላበት ትልቅ ሣጥን ውስጥ ይቆፍሩ ነበር። ከሥራ ሲወጡም ብዙዎቹ በማይታወቅ ሕመም ይወድቁ ነበር። የኒው ዮርኩን የብሩክሊን ድልድይ ያሠሩት ዋና መሐንዲስ ዋሽንግተን ሮብሊንግ ራሳቸው በ1872 በዚሁ በሽታ ተጎድተው፣ የቀረውን ሥራ ከቤታቸው ሆነው ለመምራት ተገደዋል። ፈረንሳዊው ፖል ቤር በ1878 ባሳተሙት ጥናት የበሽታው ምክንያት የናይትሮጂን አረፋ መሆኑን አሳይተው ቀስ ብሎ መውጣት እንደሚገባ መክረዋል። ነገር ግን ቀስ ማለት ምን ያህል እንደሆነ በትክክል የሚናገር ስሌት አልነበረም። ጠላቂዎችም ከታች እስከ ላይ በአንድ ዓይነት የዝግታ ፍጥነት ይወጡ ነበር።

በ1905 የብሪታንያ ባሕር ኃይል ችግሩን የሚያጠና ኮሚቴ ሲያቋቁም ሆልዴን ሥራውን ተቀበሉ። ከአርተር ቦይኮትና ከባሕር ኃይሉ መኮንን ጋይ ዳማንት ጋር በመሆን በለንደን በሊስተር ኢንስቲትዩት በሚገኝ የብረት ክፍል ውስጥ ፍየሎችን በታመቀ አየር እያቆዩ ግፊቱን በልዩ ልዩ መንገድ ቀነሱት። ፍየሏ ስትታመም የፊት እግሯን ስለምታነሣ ምልክቱ ለተመልካች ግልጽ ነበረ።

ከሙከራው የተገኘው ውጤት ልማዱን የሚሽር ሆነ። ከሁለት አትሞስፌር ወደ አንድ በፍጥነት መውረድ ጉዳት እንደማያመጣ ታየ። ሆልዴንም ወሳኙ የግፊቱ ልዩነት ሳይሆን ንጽጽሩ ነው ብለው ደመደሙ፤ ይህም ማለት ከአራት ወደ ሁለት፣ ከስድስት ወደ ሦስት መውረድ ተመሳሳይ ነው። ሰውነትም እንደ አንድ ማጠራቀሚያ ሊቆጠር አይገባውም፤ ደም በብዛት የሚደርሰው ክፍል በናይትሮጂን ፈጥኖ ይሞላል፣ ስቡ ግን ይዘገያል። ስለዚህ ሰውነትን በስሌት ለአምስት ከፍለው፣ እያንዳንዱ ክፍል በግማሽ የሚሞላበትን ጊዜ 5፣ 10፣ 20፣ 40 እና 75 ደቂቃ አደረጉት። ከዚህ የተነሣ ጠላቂው የመጀመሪያውን ግማሽ ግፊት ፈጥኖ እንዲያልፍ፣ ከዚያ በየ3 ሜትሩ እየቆመ፣ ወደ ላይ በተጠጋ ቁጥር ቆይታውን እንዲያረዝም የሚያዝዝ ሠንጠረዥ ተዘጋጀ። የቀድሞው እኩል ዝግታ ጠላቂውን ገና ናይትሮጂን በሚጠራቀምበት ጥልቀት ያለ ጥቅም ያዘገየው፣ አደጋው በሚበረታበት በመጨረሻው መንገድ ላይ ደግሞ ያስቸኩለው እንደነበረ ታወቀ።

በ1906 በስኮትላንድ፣ በሎክ ስትሪቨን ዳማንትና ካቶ የተባሉ ሁለት የባሕር ኃይል ሰዎች እስከ 64 ሜትር ወርደው በደኅና ተመለሱ። በዚያው ሰሞን የሆልዴን የ13 ዓመት ልጅ ጃክም በማይስማማው ሰፊ የጠላቂ ልብስ ውኃ ውስጥ ገብቶ ነበር። ይህ ልጅ ኋላ ጄ. ቢ. ኤስ. ሆልዴን ተብሎ የታወቀው የሥነ ሕይወት ሊቅ ነው። ጥናቱ በ1908 ታተመ። በ1915 በሃዋይ፣ በሆኖሉሉ አጠገብ የሰመጠችውን ኤፍ-4 የተባለች ሰርጓጅ መርከብ ለማውጣት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ጠላቂዎች ወደ 93 ሜትር ገደማ ሊወርዱ የቻሉት ይህን ዘዴ መነሻ አድርገው ነው። ዳማንትም ከ1917 እስከ 1924 በአየርላንድ ጠረፍ ከሰመጠችው ከሎረንቲክ መርከብ፣ ከ3,211 የወርቅ ጡቦች መካከል 3,186ቱን ያስወጡት የአንድም ጠላቂ ሕይወት ሳይጠፋ ነበር።

ሠንጠረዡ ያለ እንከን አልነበረም። ሁለት ለአንድ የተባለው ንጽጽር ለረጅምና ለጥልቅ ጥልቂያ እንደማይበቃ በኋላ ታውቆ፣ ተከታዮቹ ሊቃውንት ለእያንዳንዱ የሰውነት ክፍል የተለየ ገደብ አወጡ። ይሁን እንጂ ሰውነትን በተለያየ ፍጥነት እንደሚሞሉ ክፍሎች የሚቆጥረው ስሌት ጸንቶ ቆይቷል። ዛሬ በኮዙሜል በጅረት የሚንሳፈፈው ጠላቂ በእጁ ላይ ያሠራት ትንሽ ኮምፒዩተር ጥልቀቱንና ጊዜውን እየመዘገበች የምታሰላው ይህንኑ ሒሳብ ነው። ጅረቱ የትም ቢወስደው፣ ከመውጣቱ በፊት በ5 ሜትር ገደማ ላይ ለሦስት ደቂቃ ያህል የመቆሙ ልማድም የተመሠረተው ዕዳን ደረጃ በደረጃ በመክፈል ሐሳብ ላይ ነው።

ሆልዴን በ1915 በምዕራቡ ግንባር ጀርመኖች የለቀቁት ጋዝ ክሎሪን መሆኑን ለማረጋገጥ ወደ ፈረንሳይ ተልከው ነበር፤ የመከላከያውንም ሙከራ እንደ ልማዳቸው በራሳቸው ላይ አደረጉ። ከ1924 እስከ 1928 ደግሞ፣ መሐንዲስ ሳይሆኑ፣ የብሪታንያ የማዕድን መሐንዲሶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው አገለገሉ። በማርች 1936 በ75 ዓመታቸው በኦክስፎርድ ሲያርፉ፣ በዘይት ማጣሪያ ሠራተኞች ላይ ስለሚደርሰው የሙቀት ሕመም ለማጥናት ወደ ፋርስ ሄደው ገና መመለሳቸው ነበር።

ማኅበሩ በመሪነት የተቀበላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ሠራተኛን ጠንቀቅ በል ብሎ ማሰናበት ቀላል ነው፤ በስንት ሜትር ላይ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቆም ነግሮ መላክ ግን የሙያ ግዴታ ነው። ሆልዴን ይህን ግዴታ ሲፈጽሙ፣ አደጋውን ከሠራተኛው ትከሻ በፊት በራሳቸው ትከሻ ላይ መዘኑት።